የወንዝ ማዶዋ አያት

«ተረት ተረት።»

«የምሽት በረከት።»

ጠጋ ጠጋ በሉ እንግዲህ። አንተ ትንሹ፣ ከበሩ ራቅ በል፤ ብርድ ይመታሃል። ሕፃኑንም ወዲህ ስጡኝ፤ እኔ ጭን ላይ ይተኛል።

በድሮ ዘመን፣ አዙሪት ከሚባል ወንዝ ወዲህ፣ ግራር አምባ በምትባል መንደር፣ አትጠገብ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ አያልነህ ይባላል፤ ገበሬ ነው። ደግ ሰው ነበር፤ ንግግር ግን አያበዛም። ሁለቱ ተጋብተው ብዙ ዘመን ልጅ አጡ። እሷም ጸበል ተጠመቀች፤ ስለትም ተሳለች። ከዚያም እግዜር ሰጣትና ወንድ ልጅ ወለደች። ስሙንም ቢያድግልኝ አለችው። ያን ጊዜ ልመናዋ ይኸው ብቻ ነበር፤ ቢያድግልኝ፣ ብቻ ቢያድግልኝ።

ልጁም አደገ። ዳዴ አለና ቆመ። ቆመና ሮጠ። መሮጥ የጀመረ ዕለት የአትጠገብ ዕረፍት አበቃ።

ምን ያላደረገው ነገር አለ? ጥጃውን ይፈታል፤ ማታ ሊያልቡ ሲቀርቡ የላሟ ጡት ባዶ ነው። አመድ በእፍኙ ዘግኖ ዱቄቱ ውስጥ ይጨምራል። እናቱ ልትፈትል ስትቀመጥ እንዝርቱን ነጥቋት ይሮጣል፤ ፈትሉም በጓሮው፣ በአጥሩ፣ በዶሮዋ እግር ይጠመጠማል። ደግሞ ሁሉን ነገር በገዛ እጁ ካላደረገው አይሆንለትም። ሲያጎርሱት አፉን ይገጥማል። ሲያለብሱት ይሸሻል። ቃሉ አንዲት ናት፦ «እኔው።»

«እኔው» ይልና ሹሮውን ራሱ ሊጎርስ ደረቱ ላይ ያፈሰዋል። «እኔው» ይልና ቀሚሱን ራሱ ሊለብስ ጭንቅላቱን በእጅጌው በኩል ያስገባዋል፤ ከዚያም እዚያው ታፍኖ ያለቅሳል። ልታወጣው ስትቀርብ ደግሞ ይብሳል።

ማታ አያልነህ ከእርሻ ሲገባ ልጁ ሮጦ እግሩ ላይ ይጠመጠማል። አባትየው ይስቃል።

አትጠገብ፦ «ሳቅ። አንተ ምን አለብህ። ቀኑን ሙሉ ከበሬ ጋር ትውላለህ። በሬ ቁም ሲሉት ይቆማል፤ ሂድ ሲሉት ይሄዳል።»

አያልነህ፦ «ልጅ እኮ ነው።»

አትጠገብ፦ «ልጅ መሆኑን እኔም አላጣሁትም። መቼ ነው የሚተወው?»

አያልነህ አሰብ አደረገና፦ «እኔንጃ። እኔ መቼ እንደተውኩት እናቴን ጠይቄያት አላውቅም» አለ።

እሷም የፈሰሰውን ትጠርግ ጀመር።

የአትጠገብ አገሯ ከአዙሪት ማዶ፣ ሾላ ሜዳ ነው። እናቷ እናና ዝማም እዚያው ከታናሽ ወንድሟ ከስማቸው ጋር ትኖራለች። ልጁ ሲወለድ እናና ዝማም መጥታ ልጇን አርሳ፣ ክርስትናውን ደግሳ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም። አምና አትጠገብ ልትሄድ ስትል ልጁን ኩፍኝ ያዘውና ቀረች። መንገዱ ለጤነኛ ሰው ግማሽ ቀን ቢሆን ነው። ወንዙ ግን ክፉ ነው። በጋ ጉልበት አይደርስም፤ ክረምት ሲገባ ይሞላና እስከ መስከረም ሰው አያሳልፍም። ያኔ ሾላ ሜዳና ግራር አምባ እየተያዩ ይከርማሉ።

ዘንድሮ ግንቦት ሲያልቅ፣ ከገበያ የተመለሰች ጎረቤት መልእክት ይዛ መጣች።

ጎረቤቲቱ፦ «እናትሽን አገኘኋት። ‹ወንዙ ሳይሞላ ብቅ በይ፤ ያንን ልጅ አሳይኝ፤ ዓይኔ እየደከመ ነው› ብላሻለች።»

አትጠገብ ይህን ስትሰማ፣ ልጅ ሳለች እናቷ ደጅ ላይ ተቀምጣ ጸጉሯን ስትሠራት ትዝ አላት። ሾላው ሥር የወደቀውን ፍሬ ስትለቅም፣ እናቷ ስትጣራ፣ እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ስትሆን ትዝ አላት። ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ አለች። ባዶ እጇን ግን መሄድ አልፈለገችም። ለእናቷ ነጠላ የሚሆን ፈትል ልትወስድ አሰበች።

ታዲያ ያ ልጅ ያስፈትላል? ቀን የፈተለችውን ቀን ይበትነዋል። እሱ ሲተኛ ልትፈትል ትቀመጣለች፤ እንዝርቱ ሲሾር ሰምቶ ይነቃል። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስትል ሰኔ ገባ። ዝናብም አንድ ሁለት ጊዜ ጣለ። ከዚያም አንድ ልቃቂት እንደምንም አደረሰች። «ይበቃል፤ የቀረውን እዚያ እፈትለዋለሁ» አለችና፣ የምትመጣበትን ቀን በገበያተኛ ለእናቷ ልካ፣ ለመንገድ ተነሣች። አያልነህ የሚዘራው እርሻ ነበረበትና አብሯት አልሄደም። እስከ መንደሩ ዳር ሸኛቸው።

አያልነህ፦ «ደመናው ላይኛውን አገር ይዞታል። ፈጠን በሉ።»

እህ፣ ፈጠን በሉ አለ። ልጆቼ፣ ከእንዲህ ያለ ልጅ ጋር ፈጥኖ የሄደ ሰው አለ?

ገና ሲነሡ ቢያድግልኝ ልታዝለው ስትል ሸሸ። «እኔው» አለና በእግሩ ሄደ። ጥቂት ሄደና ጠጠር አየ። አነሣት። ሌላ ጠጠር አየ። ያንንም አነሣ። እጁ ሲሞላበት ለእናቱ ሰጣት። ስትጥለው አለቀሰ። ለቀመችለት። ከዚያም ጉንዳን መንገድ ሲያቋርጥ አየና ቁጢጥ አለ። ጉንዳኑ ደግሞ ማለቂያ የለውም። «ና እንሂድ» ትለዋለች፤ አይሰማም። «ጅብ መጣ» ትለዋለች፤ «የታለ?» ይላል። ብድግ ስታደርገው እንደ ግንድ ድርቅ ብሎ ከእጇ ይንሸራተታል። ስታወርደው «እዘይኝ» ይላል። ስታዝለው «አውርጂኝ» ይላል።

ፀሐይዋ ወጣች፤ ከፍ አለች፤ በደመና ተሸፈነች። ከላይኛው አገር ነጎድጓድ ተሰማ። ያን ጊዜ አትጠገብ ልቧ ተሸበረና ልጁን በግድ አንቀልባ ውስጥ አስገብታ አዘለችው። እየጮኸ፣ ጀርባዋን በእግሩ እየደበደበ፣ ቁልቁለቱን ሩጫ በሩጫ ወረደችው።

ከወንዙ መሻገሪያ፣ ከመልካው ላይ ስትደርስ ጎርፉ ወርዷል። ጭቃ ቀለም ነው፤ ግንድ ይዞ ይሄዳል። በዳር የቆመው አያ ደምለው ነበር፤ ሰው የሚያሻግር ብርቱ ዋናተኛ ነው።

አትጠገብ፦ «አያ ደምለው፣ እንደምንም ብለህ አሻግረኝ።»

አያ ደምለው፦ «ይህን ሕፃን ይዤ? አላደርገውም። ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ጉልበት አይደርስም ነበር። ጠዋት ስንቱን አሳልፌያለሁ። አሁን የመጣው የክረምቱ ውሃ ነው፤ አይመለስም።»

አትጠገብ ልጁን አወረደችና አፈሩ ላይ ቁጭ አለች። እንባዋ መጣ። ቢያድግልኝ መሬት መንካቱ ደስ ብሎት ጠጠሩን እያነሣ ውሃው ውስጥ ይወረውራል። እሷም ዘወር ብላ አየችውና፦ «አንተ ነህ ያስቀረኸኝ። አንተ ባትኖር ኖሮ» አለች፤ የቀረውን ግን አልጨረሰችውም። ቃሉን በነጠላዋ አፍና ዋጠችው። ስንት ዘመን ለምና ያገኘችው ልጅ ነው። ልጁ ግን ድምጿን ሰምቶ መወርወሩን አቆመ። ቆሞ አያት።

ያን ጊዜ አያ ደምለው፦ «ማዶ ያለችው ያንቺ እናት አይደለችም?» አላት።

ቀና ብላ አየች። በወንዙ ማዶ፣ ከቋጥኙ በላይ፣ ነጭ የለበሰች ትንሽ ሰው ቆማለች። አጠገቧ ስማቸው አለ። እናና ዝማም ልጇን ልትቀበል ከጠዋት ጀምራ እዚያ ቆይታ ኖሯል።

አትጠገብ ተጣራች። እናቷም ተጣራች። ውሃው ግን ድምፃቸውን በላው፤ አፍ ሲከፈት እንጂ ቃል አይሰማም። ብዙ ጮኹና ደከማቸው። ከዚያም እናና ዝማም ዝም አለችና እጇን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጋ አሳየች፤ ይህን ያህል አደገ ወይ ማለቷ ነው። አትጠገብ ልጁን ከፊቷ አቆመችው። አያቲቱ አጨበጨበች። ልጁም አየና አጨበጨበ። አያቲቱ ቁጭ አለች። እሱም ቁጭ አለ። ተነሣች፤ ተነሣ። እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች፤ እሱም ዘረጋ።

ጠዋት ሙሉ እናቱ ና ብትለው ያልመጣ፣ ሂድ ብትለው ያልሄደ ልጅ፣ ድምጿ ለማይሰማ ሰው ታዘዘ። አትጠገብም እያለቀሰች ሳቀች። እናቷም ማዶ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ታያት ነበር፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ከሩቅ አይለይም። ፀሐይ እስክታዘነብል እንዲሁ ትይዩ ተቀምጠው ዋሉ።

ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። ክረምቱን በየሰንበቱ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ዝናብ ካልከለከለ በቀር አትጠገብ ልጇን ይዛ ወደ ወንዙ ትወርዳለች። እናና ዝማምም በበኩሏ ትወርዳለች። ስማቸው ቆሎ በጨርቅ ይቋጥርና በወንጭፍ ያሻግራል። ቆሎው አንዳንዴ ይደርሳል፤ አንዳንዴ ውሃው ይበላዋል። አያ ደምለውም ያንን ልቃቂት በወንጭፍ ወደ ማዶ ወረወረላት። እናና ዝማም አነሣችው፤ በእጇ ይዛ ወደ ጉንጯ አስጠጋችው።

አትጠገብም ከዚያ ወዲህ በመንገድ አትቸኩልም። ምን ልትቀድም? ውሃው እንደሆነ ሞልቷል። ስለዚህ ልጁ ሲቆም ትቆማለች። ጉንዳን ሲያይ አብራው ታያለች። ጉንዳኑ ከራሱ የሚበልጥ ገለባ ተሸክሞ ሲወድቅ፣ ሲነሣ አየች፤ ልጅ ሳለች ያየችው ነው፤ ረስታው ነበር። ቢያድግልኝ በመንገዱ ላይ የማያውቀው ነገር ሲያገኝ «ይሄስ?» ይላታል። «ይሄ ጥንቸል የዋለበት ነው» ትለዋለች። «ይሄስ?» «ይሄ እሬት ነው፤ አትንካው።» ይነካዋል። ጣቱን ይልሰዋል፤ ይመረዋል። አፉን ትጠርግለታለች።

ኋላ፣ ብዙ ዘመን አልፎ ጸጉሯ ከሸበተ በኋላ፣ ሰዎች ስለ ድሮው ሲጠይቋት አትጠገብ የምታወራው ስለ ሠርጓ አልነበረም። ስለ በዓልም አልነበረም። ስለዚያ የጭቃ መንገድ ነበር። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር፤ ትንሿ እጅ ጣቷን ጨብጣ ነበር፤ እጅየዋ ሁልጊዜ በጭቃ የተላቆጠች ነበረች፤ የምታወራው ይኸው ነበር።

ነሐሴ ላይ ግን አንድ ሰንበት እናና ዝማም ቀረች።

ስማቸው ብቻውን ቋጥኙ ላይ ቆመ። አትጠገብ እጇን ዘርግታ «የታለች?» አለችው። እሱም መዳፉን ጉንጩ ሥር አድርጎ ራሱን ዘንበል አደረገ፤ ተኝታለች ማለቱ ነው። ከዚያም ግንባሩን ነካ። ታማ ተኝታለች ማለቱ ነው? ወይስ ሌላ? አትጠገብ ልብሱን አየች፤ ጥቁር አይደለም። ደረቱንም አልመታም። እንግዲያው አልሞተችም አለች ለራሷ። ደጋግማ ለራሷ እንዲሁ አለች።

ቢያድግልኝ ግን አያቱን ፈለገ። ወደ ማዶ አጨበጨበ። ጠበቀ። ደግሞ አጨበጨበ። ስማቸው አጨበጨበለት፤ ልጁ አልተቀበለውም። እጁን ስትይዘው «እኔው» አለና እንደገና አጨበጨበ። መሸባቸውና እያለቀሰ አዝላው ተመለሰች። በሚቀጥሉት ሰንበቶች ደግሞ ወንዙን ጉም ይዞት ማዶው አልታይ አለ። ልጁም በጉሙ ውስጥ ያጨበጭባል። ማን እንደሚያየው እግዜር ይወቅ።

አንድ ማታ አትጠገብ ለባሏ፦ «ያን ቀን በጊዜ ብደርስ ኖሮ አሁን አጠገቧ ነበርኩ» አለችው። ልጁ በመሃላቸው ተኝቷል።

አያልነህ የልጁን ጸጉር በእጁ ዳሰሰ። ከዚያም፦ «ዘሩ ቢዘገይ ምን ይሆን ነበር? እኔ አብሬያችሁ ሄጄ ልሸከመው ይገባኝ ነበር» አላት።

አትጠገብ ይህን አልጠበቀችም። ንዴቷን ልትፈልገው ወደ ሆዷ አየችና አጣችው። እጇን ዘርግታ የልጁን እግር በጋቢው ሸፈነች።

መስከረም ጠባ። ባቄላው አበበ። አያ ደምለው ውሃው መጉደሉን ላከባቸው። አያልነህ ሞፈሩን ሰቀለና ልጁን እሽኮኮ አድርጎ ከፊት ሄደ፤ አትጠገብ ተከተለች። ውሃውን ሲያቋርጡ ወገቧ ድረስ ደረሰ፤ ቀሚሷን ጨምቃ ሳትጨርስ ሽቅብ ሮጠች።

እናና ዝማም አጥሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች። ከስታለች። እጆቿ ቀጥነዋል። አትጠገብ እግሯ ላይ ወደቀች፤ ጉልበቷን ሳመች፤ ጉንጯን ሳመች። ሁለቱም ተላቀሱ። ወባ ይዟት እንደነበር፣ ጎረቤት እንዳስታመማት፣ አሁን እህል እንደለመደች ተናገረች።

ከዚያም፦ «እስቲ ልጄን አምጡልኝ» አለች።

አያልነህ ልጁን አወረደው። ቢያድግልኝ ግን አሮጊቷን አየና በአባቱ እግር ተሸሸገ። አትጠገብ እጁን ስትይዘው ጮኸ። እሱ የሚያውቃት አያቱ ትንሽ ናት፤ የጣት ያህል ናት፤ ነጭ ናት፤ ድምፅ የላትም። ይህቺ ትልቅ ናት። ፊቷ ተጨማዷል፤ ድምጿም ጎርናና ነው።

አትጠገብ አፈረች። ልጁን እየጎተተች፦ «አያትህ እኮ ናት። ሳማት እንጂ። ክረምቱን ሙሉ ስታያት አልነበር?» አለችው። ልጁም መሬት ላይ ተዘረረ።

እናና ዝማም፦ «ተይው ልጄ፣ አታስጨንቂው። እሱ እኔን የሚያውቀኝ ከሩቅ ነው» አለቻት።

ይህን ብላ ምርኩዟን ጠየቀች። ስማቸው ሊደግፋት ተነሣ። ከአጥሩ ወጣች፤ የግጦሹን ሜዳ ማቋረጥ ጀመረች። ትሄዳለች፤ ታርፋለች፤ ደግሞ ትሄዳለች። ሜዳው ዳር ስትደርስ ቁጭ አለችና ስማቸውን ወደ ኋላ ላከችው። ከዚያ ሆና ነጭ ነጠላዋን አስተካከለች። እጆቿን አነሣችና አጨበጨበች።

ቢያድግልኝ ለቅሶውን አቆመ። ከመሬት ተነሣ። አየ። አጨበጨበ። እሷም አጨበጨበች። እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች፤ እሱም ዘረጋ። ከዚያም ወደ ማዶው ዳር መራመድ ጀመረ። በሜዳው ላይ ምን ውሃ አለ? የሚያቆመው የለም። ጥቂት ሄደና ቆመ። ወደ እናቱ ዘወር ብሎ አየ። ደግሞ ሄደ። አንድ ቦታ ላይ ፌንጣ አገኘና ቁጢጥ አለ። ፌንጣዋ ዘለለች፤ ተከተላት። መንገዱን ለቀቀ። እናና ዝማም ሜዳው ዳር ተቀምጣ ትጠብቃለች።

አያልነህ፦ «ልሂድና ላድርሰው? እናታችን ደካማ ናት፤ ፀሐይ ይመታታል።»

አትጠገብ እናቷ በተነሣችበት በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እርጥቡን ቀሚሷን ወደ እግሯ ሳበችና፦ «ተወው። ይደርሳል» አለች።

ሁሉም አዩት። ፌንጣዋ ጠፋችበት። ቆሞ ሣሩ ውስጥ ፈለጋት። ከዚያም ራሱን ቀና አደረገና አያቱን አገኛት፤ እሷም አጨበጨበች። ሄደ። እየሄደ ሳለ አያቲቱ በፊቱ ትልቅ ሆነች፤ ግን ቀስ እያለች ነውና ትልቅ የሆነችው አልፈራም። ደረሰና ከፊቷ ቆመ። እሷም እጇን አልዘረጋችበትም። እሱ ነው በጣቱ መጀመሪያ ነጠላዋን፣ ከዚያም ጉልበቷን፣ ከዚያም ጎንበስ ስትልለት ጉንጯን የነካው። ጉንጯ እርጥብ ነበር። ጣቱን አየና በቀሚሱ ጠረገ። ከዚያም ጀርባውን አዙሮ፣ ሕፃን እንደሚቀመጠው ወደ ኋላ ዝቅ ብሎ፣ ጭኗ ላይ ተቀመጠ።

አትጠገብም ከአጥሩ ሥር ሁለቱን አየቻቸው፤ ለመሄድም አልተነሣችም፤ ለመጥራትም አልተጣራችም።

ዛሬ አዙሪት ድልድይ ተሠርቶለታል አሉ። ሰው ክረምት ከበጋ ያልፋል። መልካም ነው። እዚያ ዳር ቁጭ ብሎ የሚውል ሰው ግን የለም አሉ።

ይኸው ነው ልጆቼ። ተረቴም አለቀ፤ ጉሮሮዬም ደረቀ። እንግዲህ ከድፎው ቁረሱና አጉርሱኝ፤ ቀስ ብላችሁ፤ ይህ ሕፃን ጭኔ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል።